ጠቅላዩና ስምንቱ ክር

ሰፈሩ ሁሉ አማቴን «ጠቅላዩ» ነው የሚላቸው። ሥልጣን ስላላቸው አይደለም። ሥራቸው የተቃጠለ ሞተር መፍታት፣ ያረረውን ሽቦ ማውጣትና በአዲስ ሽቦ መጠቅለል ነው። ይህን ሲሠሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከሱቃቸው በር በላይ «ሞተር እንጠቀልላለን» የሚል ጽሑፍ አለ። ሰው ጋ ደውለው «ማን ልበል?» ሲባሉ «ጠቅላይ ነኝ፤ የቀረኝ ሚኒስትርነቱ ነው» ይላሉ። በምራትነት እቤታቸው ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ይቺን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልነግራችሁም። ዛሬም ቀድመው የሚስቁት እሳቸው ናቸው።

ሱቁ ከምንኖርበት ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ወጥ ቤት ሆኜ የመጠቅለያቸው እጀታ ሲዞርና ቆጣሪው ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። የዓመት ከሁለት ወሯ ልጄ እኔ እሹሩሩ ስላት እምቢ ያለችውን እንቅልፍ በዚያ ድምፅ ትተኛዋለች። ግድግዳው ላይ የውሃ ፓምፕ ሆድ ዕቃ፣ ክንፍ የሌለው ቬንቲሌተርና የእህል ወፍጮ ሞተር ተደርድሯል። ጠረጴዛቸው ግን ንፁህ ነው። መቀሱ በመቀስ ቦታ፣ ቴስተሩ በቴስተር ቦታ ነው፤ አንዱን ያነሳ ሰው መልሶ ካላስቀመጠ ቀኑን ሙሉ ያኮርፋሉ።

ስለ ሥራቸው አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ያለዚያ የሆነው ነገር አይገባችሁም። አንድ ሞተር ውስጥ ብዙ ጥቅል ሽቦ አለ፤ ሁሉም እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ሁለት መቶ ዙር ከሆነ ሌላውም ሁለት መቶ ነው። አንዱ ካነሰ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ በሳምንቱ ተቃጥሎ ከነባለቤቱ ቁጣ ተመልሶ ይመጣል። ጠቅላዩ የጠቀለሉት ሞተር ተመልሶ መጥቶ አያውቅም ይባላል። እሳቸው እንደሚሉት አንድ ጊዜ መጥቷል፤ ያም ጎርፍ ገብቶበት ነው። ይህ እኩልነት ከሱቅ አልፎ እቤት ገብቷል። ለሁለቱ ልጆቻቸው ዳቦ ሲቆርሱ እንዴት እንደነበር ባለቤቴ ይነግረኛል፤ እኔ በዓይኔ ያየሁት የልጄን የልደት ኬክ ነው። ውፍረት በሚለኩበት ብረት፣ በካሊፐር ለክተው ቆረጡት። ሰው ሲስቅ እሳቸው አልሳቁም።

ሁለተኛዋ ልጃቸው የባሌ ታናሽ እህት ናት፤ ዋርሳዬ። የቤት ስሟ ሚጣ ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቷትም አሁንም ሚጣ ናት። እኔን ደግሞ ልጅ ወልጄ፣ ልጄ ቆማ መሄድ ጀምራ እንኳን «ሙሽሪት» ትለኛለች። ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ጣቢያ መስኮት ውስጥ ተቀምጣ ትኬት ትቆርጣለች። ጠዋት ጠዋትና በዕረፍት ቀኗ ጊታር ትጫወታለች። ጊታር ስል ስድስት ክር ያለውን እንዳታስቡ። የእሷ ስምንት ነው። የተጨመሩት ሁለቱ ወፍራሞቹ ናቸው፤ ባስ ጊታር የሚወርደውን ያህል ቁልቁል ይወርዳሉ። አንገቱም ረዝሟል፣ ሰፍቷልም። የሰፈሩ ልጆች «መሰላል ይዛ መጣች» ይሏታል።

ስምንት ክር ለጌጥ አይደለም። የሚጣ ባንድ ሦስት ሰው ነው፤ እሷ፣ ዘፋኙና ድራመሩ። ባስ የሚጫወት የላቸውም። በቀጫጭኖቹ ክሮች ዜማውን፣ በወፍራሞቹ ባሱን አንድ ላይ የምትጫወተው እሷ ናት። አንድ ሆቴል በሳምንት ሁለት ቀን፣ በአሥር ሰዓት፣ አትክልት ቦታው ዳር ባለው አዳራሽ የሚጫወት ባንድ ፈለገ። የአዳራሹ ኃላፊ ከዘፋኙ ጋር ተነጋገረና የፊታችን ቅዳሜ ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ መጥታችሁ አሰሙኝ አለ። የሚፈልገው ሦስት ሰው ብቻ ነው፤ መድረኩ ከዚያ በላይ አይችልም። ባሱ ጥርት ብሎ ካልተሰማኝ ግን የማውቀው ባሲስት አለ፣ በጊታሯ ልጅ ቦታ እሱ ይገባል ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። ድራመሩም ለሚጣ አልደበቃትም። «አንቺን እወድሻለሁ» አላት፣ «ግን ይሄ ሥራ ካመለጠኝ ራሴን አልወደውም።»

ይህ በተባለ በማግስቱ እሑድ ሚጣ ምሳ ላይ ሹካዋን አስቀመጠችና ፒክአፔ ተበላሸ አለች። ጠቅላዩ ቀና አሉ።

«ፒክአፕ መቼ ገዛሽ?»

«አባዬ፣ መኪና አይደለም።»

«እኔም ለዚህ ነው የደነገጥኩት» አሉና መብላታቸውን ቀጠሉ።

ጊታሩን አምጥታ አሳየቻቸው። ኤሌክትሪክ ጊታር ለብቻው ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ከክሮቹ ሥር ጠፍጣፋ ጥቁር ሳጥን አለ፤ ውስጡ ማግኔትና ከፀጉር የቀጠነ ጥቅል ሽቦ ነው። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ያ ሳጥን ይሰማና ወደ ስፒከሩ ይልከዋል። ፒክአፕ የሚሉት እሱን ነው። የሚጣ ጊታር ላይ ሁለት አሉ። አንዱ ወደ አንገቱ ተጠግቷል፤ ሌላው ክሮቹ ታች ከሚታሰሩበት፣ ድልድይ ከሚሉት ብረት አጠገብ ነው። የአንገቱ ወፈር ያለ ለስላሳ ድምፅ ይሰጣል፤ የድልድዩ ጥርት ያለና ስል ነው። አንድ ማብሪያ አለ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዘዋውር። ዝም ያለው የድልድዩ ነበር።

አዲስ ለመግዛት ሞክራለች። የሙዚቃ መሣሪያ ሻጩ ያለው ለስድስት ክር የሚሆን ብቻ ነው፤ እሱን ብታስገባ ዳርና ዳር ያሉት ሁለት ክሮች ከሳጥኑ ውጭ ይቀራሉ። ትዕዛዝ ደግሞ ሁለት ወር ይፈጃል። ጠቅላዩ ሳጥኑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ውስጡ ጥቅል ሽቦ ነው አይደል ብለው ጠየቁ። ነው አለች። ፊታቸው ላይ የመጣውን ብርሃን ብታዩት። ስድስት ዓመት ሙሉ ይቺ ልጅ በሩን ዘግታ ከምትጫወተው ነገር ጋር የሚገናኙበት አንዳች መንገድ አልነበራቸውም፤ አሁን እሳቸው የሚያውቁት ዕቃ ከሆዱ ወጣ።

ሦስት ቀን ሠሩ። ከድሮ ስልክ ቤት ዕቃዎች ፈተው ያስቀመጡት ቀጭን ሽቦ ነበራቸው። መጠቅለያቸው ለዚህ ስለሚከብድ ከልብስ ስፌት መኪና ሞተር ትንሽ መጠቅለያ አበጁ። ረቡዕ ጠዋት ሚጣ ሥራ ሳትሄድ ጊታሩን አቅፈው መጡ። ወልውለውታል ጭምር።

«በይ፣ ሁለቱንም ጤነኛ አድርጌልሻለሁ» አሉ።

«ሁለቱንም?»

«የአንገቱም ታሞ ነበር። አንቺ አላወቅሽም እንጂ።»

ሚጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሳቸው ያደረጉትን በኩራት አስረዱ። የድልድዩን ሲከፍቱ ሽቦው ተበጥሷል፤ እየቆጠሩ ፈቱት፣ ስድስት ሺህ ዙር ሆነ፤ ያንኑ ያህል በአዲስ ሽቦ ጠቀለሉት። ከዚያ የአንገቱን በቴስተር ቢለኩት ከድልድዩ በጣም ያነሰ ሆኖ አገኙት። በእሳቸው ሥራ ከወንድሙ ያነሰ ጥቅል ውስጥ ለውስጥ ሾርት ያደረገ ጥቅል ነው፤ ዛሬ ቢሠራ ነገ ይቃጠላል። ስለዚህ ሳይጠየቁ የድሮውን ሽቦ በመቀስ ቆርጠው አወጡና ስድስት ሺህ ዙር ጠቀለሉለት። ሁለቱንም እንደ ሞተር ጥቅል ቫርኒሽ አጠጥተው አደረቁ። አሁን ሁለቱ እኩል ናቸው።

ሚጣ ጊታሩን ስፒከሩ ላይ ሰካች። የድልድዩን አበራች፤ ጥሩ ነበር፣ እንዲያውም ከድሮው የተሻለ። ወደ አንገቱ አዘዋወረችና ወፍራሙን ክር መታች። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ደጋግማ ስትመታው አንዱ ምት በሌላው ላይ እየተደፋ ቡም ሳይሆን ቡሙሙሙ የሚል ነገር ብቻ ቀረ። ቀጫጭኖቹ ክሮች በውስጡ ሰጠሙ።

«ደፈረሰ» አለች ቀስ ብላ። ጊታሩን አስቀምጣ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ሥራዋ ሄደች። ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር።

ጠቅላዩ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። «ደፈረሰ» የሚለው ቃል ሆዳቸው ገብቷል፤ የፓምፕ ሰው ናቸውና ድፍርስ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ፋብሪካው ሁለቱን ለምን አለያያቸው ብዬ ጠየቅኳቸው። ፋብሪካም ይሳሳታል አሉኝ፣ ግን ድምፃቸው ውስጥ የተለመደው እርግጠኝነት አልነበረም። ከሰዓት በኋላ በግድግዳው በኩል አንድ ወፍራም ድምፅ ደጋግሞ ይሰማኝ ጀመር። ቆይተው ጠሩኝ። ልጄን አዝዬ ገባሁ።

ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ አጋድመው የሥራ መብራታቸውን ከላይ አብርተውበታል። ወፍራሙን ክር በአውራ ጣታቸው ሳቡና ለቀቁት።

«እይው» አሉኝ።

አየሁት። አንገቱ ጋ ክሩ ከመወዛወዙ የተነሣ ሦስት አራት ክር ይመስላል። ወደ ድልድዩ እየተጠጋ ሲሄድ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ድልድዩ ጋ የቆመ ነው የሚመስለው። ሦስት ጊዜ አሳዩኝ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«አንዱ የሚጮህ ሰው አጠገብ ነው የተቀመጠው፤ አንዱ የሚያንሾካሹክ ሰው አጠገብ። የሚያንሾካሹከው ጋ ያለው ብዙ ሽቦ ያስፈልገዋል፤ የሚጮኸው ጋ ያለው ጥቂት ይበቃዋል። እኔ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጆሮ ሰጠኋቸው። ፋብሪካው አልተሳሳተም፣ ልጄ።»

ማታ እስክትመጣ አልጠበቁም። ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። የሆነውን ሚጣ ናት በኋላ የነገረችኝ። አውቶቡስ ጣቢያ ሄደው እንደማንኛውም ተሳፋሪ ሰልፍ ያዙ። ተራቸው ሲደርስ እሷ ቀና ሳትል ወዴት ነው አለች።

«የትም አልሄድም» አሏት በመስኮቷ ቀዳዳ። «ጥፋቱ የኔ ነው ልልሽ ነው። ቫርኒሽ የጠጣው ከእንግዲህ አይፈታም፤ የቀረኝ ቀጭን ሽቦ ለአንድ ጊዜ ይበቃል። ለአንድ ጊዜ ብቻ።»

ከኋላ ያለው ሰውዬ «አባት፣ ትኬት ካልቆረጡ ያሳልፉን እንጂ» አለ። ጠቅላዩ ዘወር ብለው ልጄን ይቅርታ እየጠየቅኩ ነው አሉት። ሰውዬው እንደሱ ከሆነስ ይጨርሱ ብሎ ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። ሚጣ የፋብሪካው የአንገት ጥቅል ስንት ዙር ነበር ብላ ጠየቀች። አልቆጠሩትም። ታሟል ብለው ስላመኑ ቆርጠው ጥለውታል፤ በቴስተር ልኬት እንዳይገምቱት ደግሞ የድሮው ሽቦ ውፍረት ከእሳቸው ይለያል። ሚጣ አሰብ አድርጋ የፋብሪካውም ቢሆን ትንሽ ድፍርስ እንደነበር ነገረቻቸው፤ ስለዚህ እሱን ብትመልስልኝም አይበቃም አለቻቸው። ታዲያ ስንት ይሁን ሲሏት አላውቅም፣ ሳልሰማ አላውቅም አለች። እዚህ ላይ ሰልፈኛው በሙሉ ማጉረምረም ስለጀመረ ወጡ።

ሳልሰማ አላውቅም ያለቻቸውን ይዘው ነው የተመለሱት። ሽቦው አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል፤ እሷ ደግሞ ሳትሰማ መምረጥ አትችልም። አንድ ጊዜ ጠቅልለው እንዴት ብዙ ያሰሟታል? ሐሙስን ሙሉ ሞተር የሚያስጠቅል ሰው ሲመጣ «ነገ» እያሉ መለሱ። ዓርብ ጠዋት ሻይ ላቀብላቸው ስገባ ክንፍ የሌለውን ቬንቲሌተር ፈተው እየሳቁ አገኘኋቸው።

የቬንቲሌተር ማብሪያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይላል። ውስጡ ያለው ሞተር ግን አንድ ነው። ምስጢሩ እንዲህ ነው፤ ጠቅላዩ ሲጠቀልሉ መሃል መሃል ላይ ሽቦውን ሳይበጥሱ አንድ ጫፍ ወደ ውጭ ያወጣሉ። ማብሪያው በየቁጥሩ ከአንዱ ጥቅል የተለያየ ያህል ዙር ያሠራል። ለፒክአፑም እንደዚያ ሊያደርጉለት ነው። አራት ሺህ ዙር ላይ አንድ ጫፍ፣ አራት ሺህ አምስት መቶ ላይ አንድ፣ አምስት ሺህ ላይ አንድ፤ ማብሪያው ላይ በየተራቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ከመረጠች በኋላ የተረፈውን ሽቦ ከላይ ይፈቱና ቫርኒሹን ያጠጡታል። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ እሳቸው ግን እያስረዱኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት የሚጣ ጊታር ከሆዱ የተለያየ ቀለም ያለው ሽቦ ወጥቶለት፣ ሽቦው ጫፍ ላይ የቬንቲሌተር ማብሪያ ተንጠልጥሎ ሳሎን ውስጥ ተቀመጠ። ድራመሩ ቢያየው ኖሮ ያኔውኑ ባሲስቱን ይጠራው ነበር።

እኔን ወጥ ቤት ላኩኝ። ማብሪያው የት ላይ እንደሆነ አላይም፤ ሥራዬ ወፍራሙን ክር ስንት ጊዜ እንደመታችው በዝግ በር መቁጠር ነው። ድንች እየላጥኩ ቆጠርኩ። የመጀመሪያውን አላወቅኩም፤ ስድስትም ይሁን ዘጠኝ፣ ጎርፍ ነው ብዬ ጮህኩ። እሱ ሦስት ነበር። ቀጥሎ ስምንት አልኩ። ልክ ነው አሉኝ። ቀጥሎም ስምንት አልኩ፣ እሱም ልክ ነበር። እንግዲህ ሦስት ወጣ፤ አንድና ሁለት ቀሩ።

ሳሎን ተመልሼ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰማኋቸው። ሁለት ቁጥር ደስ ይላል፤ ሙሉ ነው፣ ይሞቃል። አንድ ቁጥር ቀጠን ይላል። እኔ ሁለትን መረጥኩ። ጠቅላዩም ያለ ማመንታት ሁለት አሉ። ሚጣ ግን ገና አልመረጠችም። ከዚያ ጥግ ላይ የነበረውን የእንጨት ሳጥን ጎተተችና አባቷ እግር ሥር አስቀመጠችው።

«አባዬ፣ ድራሙ አንተ ነህ፤ በተረከዝህ ምታው። አታፍጥን፣ አታዘግይ።»

እሱን ለእሳቸው መንገር አያስፈልግም ነበር። ሠላሳ ዓመት ዙር የቆጠረ ሰው ሲመታ ሰዓት ነው የሚመስለው። ድው፣ ድው፣ ድው። ሚጣ በሁለት ቁጥር ገባች። ያ ደስ ያለኝ ሙቀት ከሳጥኑ ድምፅ ጋር ተላተመ፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ይጋፋሉ፣ ቀጫጭኖቹ ክሮች ከመሃል ይጠፋሉ። ወደ አንድ አዘዋወረችው። ሳጥኑ ሥሩን ያዘ፣ ክሩ ከላዩ ተቀመጠ፣ ዜማው ጠራ ብሎ ወጣ። ማብሪያውን ወደ ድልድዩ ፒክአፕ ስታዘዋውረውም ድምፁ አልዘለለም፣ አልወረደም። ወደ አንገቱ መለሰችው፤ መልኩ ተለወጠ እንጂ ጉልበቱ ያው ነው።

«አንድ ነው የምፈልገው» አለች። «ለብቻው ሲሆን የሳሳ ነው የሚመስለው። እኔ ግን ለብቻዬ አይደለም የምጫወተው።»

ጠቅላዩ እግራቸውን ከሳጥኑ አነሱ። ሁለት ይሻላል ብለው ሞገቷት። እሷም መለሰች። የተፈታ ሽቦ አይመለስም፤ ሌላ ሽቦ የለም፤ ከተሳሳትሽ ለቅዳሜ ምንም የለሽም አሏት። አውቃለሁ አለች። ሦስት ጊዜ ጠየቋት፣ ሦስት ጊዜ አንድ አለች። በመጨረሻ መነፅራቸውን አድርገው «ጆሮው ያንቺ ነው» አሉና ከአራት ሺህ በላይ ያለውን ሽቦ ይፈቱት ጀመር። ቆጣሪው ወደ ኋላ ሲሄድ የመጀመሪያዬ ነበር መስማቴ።

ቫርኒሹ ደርቆ ፒክአፑ ቦታው ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የፒክአፑን ሳጥን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ሁለት ብሎኖች ዳርና ዳር አሉ። ጠቅላዩ በካሊፐር ለክተው ሁለቱን እኩል አሰሯቸው። ሚጣ ጠመንጃ መፍቻውን ተቀብላ በወፍራሞቹ ክሮች በኩል ያለውን ዝቅ፣ በቀጫጭኖቹ በኩል ያለውን ከፍ አደረገችው። ሳጥኑ ተንጋደደ። ጠቅላዩ አዩትና ካሊፐሩን ኪሳቸው ከተቱ። እኔ ደግሞ ልጄን ለማጠብ የምቸኩል መስዬ ወጣሁ፤ እንዳልስቅ።

ቅዳሜ ሚጣ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ሁላችንም ሄድን። ባለቤቴ ያን ወር ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለነበር እኔ፣ ጠቅላዩና ሕፃኗ የኋላ ወንበር ላይ ተደረደርን። አዳራሹ ከአትክልት ቦታው በመስታወት በር ይለያል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ መድረኩ ላይ ይወድቃል። ኃላፊው ፊት ለፊት ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ከጎኑ ሸምገል ያለ ሰው አለ፤ ጭኑ ላይ ረጅም ጥቁር ቦርሳ አጋድሟል። ባሲስቱን ይዞት መጥቷል ማለት ነው። ሚጣም አየችው። ድራመሩም አየው፤ ከዚያ ወለል ወለሉን ማየት ጀመረ።

ተጀመረ። የመጀመሪያውን በድልድዩ ፒክአፕ ጀመረችና ዘፋኙ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ቦታ ላይ ወደ አንገቱ አዘዋወረች። ያኔ ነበር የፈራሁት። ጠቅላዩ ጉልበታቸውን ጨብጠው ይዘዋል። ወፍራሙ ክር ገባ። ከድራሙ ጋር አልተጋፋም፤ ወለሉ ላይ ተነጥፎ እያንዳንዱ ምት ለየብቻ ይሰማል፣ ከላዩ ቀጫጭኖቹ እንደፈለጉ ይሄዳሉ። ድራመሩ ቀና አለ። አንዴ ሚጣን፣ አንዴ እጇን ያያል። ሁለተኛው ዘፈን ላይ መሳቅ ጀመረ።

ሦስት ተጫውተው አቆሙ። ኃላፊው ስልኩን አስቀምጦ ወደ ባሲስቱ ዞረና ምን ትላለህ አለው። ሰውዬው ቦርሳውን አልከፈተም። ቆም ብሎ ሚጣን አያት፤ እንደ ሥራ ሰው እንጂ እንደ ባላንጣ አልነበረም።

«እኔ የት ልግባ?» አለ። «ቦታዬ ላይ ተቀምጣለች።»

ኃላፊው በጣቱ መድረኩ ላይ ያሉትን ቆጠረ፤ ሦስት ናቸው። ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ፣ በአሥር ሰዓት አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ድራመሩ ሚጣን ከነጊታሯ ሊያቅፋት ሲንደረደር «ቀስ፣ ቀስ» ብለው የጮሁት ከኋላ ወንበር ጠቅላዩ ናቸው። ባሲስቱ በሩ ላይ ጠብቆ ፒክአፑ የማን ሥራ እንደሆነ ሚጣን ጠየቃት። እሷም ወደ አባቷ አመለከተች። የእሱ ባስም አንድ ሁለት ዓመት ሆኖታል እየተነጫነጨ፤ ይዤው ልምጣ ወይ አላቸው። ይምጣ አሉት፤ መጀመሪያ ግን ሲጫወቱት እሰማለሁ፣ ከዚያ ነው የምፈታው አሉ።

ደጅ ስንወጣ ሚጣ አጥሩ ሥር ቆማ ለተረኛ አለቃዋ ደወለች። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞና ቅዳሜ የጠዋቱን መስኮት ስጪኝ አለቻት። አለቃዋ የጠዋቱ ተረኛ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እንደሚገባ አስታወሰቻት፤ ሚጣ ደግሞ በሕይወቷ በፈቃዷ በዚያ ሰዓት ተነሥታ አታውቅም።

«እነሣለሁ» አለች ሚጣ። «ጻፊኝ።»